ሐይቁን ሳናይ ተመለስን

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ሐይቁ ጋ ሳንደርስ ተመለስን። እግሬ ቆስሏል፤ የከበደኝ ግን እሱ አይደለም።

ከጓደኛዬ ከሙሉቀን ጋር ጮቄ ተራራ ላይ ወዳለችው ትንሽ ሐይቅ በየጥቅምቱ እንወጣ ነበር። ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ ቀረ። ዘንድሮ ትንሽ ረገብ ያለ ሲመስለን ድንኳናችንን አዝለን ትናንት ወጣን። መንገድ ላይ ሁልጊዜ የምናድረው እማማ ጥሩወርቅ ቤት ነው። ድሮ ገና ከሩቅ ሲያዩን "ግቡ ልጆቼ" ይሉን ነበር። ትናንት የልጅ ልጃቸውን እየጎተቱ ገቡና በሩን ዘጉት።

ሙሉቀን ስማችንን ተናገረ።

"አውቄያችኋለሁ" አሉ ከውስጥ። "ያዘላችሁት ምንድን ነው?"

ቦርሳዎቻችንን ሣሩ ላይ ዘረገፍናቸው። ድንኳን፣ ብርድ ልብስ፣ ድስት፣ ዳቦ። ወጥተው ሁሉንም እያገላበጡ አዩና በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። "ይቅር በሉኝ" አሉ። እራት አቀረቡልን፤ ማናችንም በደንብ አልበላንም።

ዛሬ ጧት ልንነሳ ስንል እጄን ያዙኝ። "ይህን አዝላችሁ ወደ ላይ አትውጡ። እኔ አውቃችኋለሁ። የላዩ ሰው ግን አያውቃችሁም።"

ወረድን። ቁልቁለቱ ላይ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ አንድ ሽማግሌ አጋጠሙን። ከጋቢያቸው ሥር ረጅም ነገር ጫፉ ይታያል። "እንደምን አረፈዳችሁ" አሉን። እኔ ቆሜ ያን ጫፍ አያለሁ። ጋቢያቸውን ሲያስተካክሉ ገለጥ አለ፤ ጃንጥላ ነው።

ሰላምታቸውን የመለስኩት ካለፉን በኋላ ነው። ይስሙኝ አይስሙኝ አላውቅም። ዞር አላሉም።