ዶርቃ ወደ ገሱባ የሄደችበት ሳምንት

ሰኞ፣ ጥቅምት 8 ቀን 1958

ሐኪሙ የልጄን የዶርቃን መዳፍ ገልብጦ አሳየኝ። የእኛ ሁለት መስመር ባለበት የእሷ አንድ ብቻ ነው፣ ከዳር እስከ ዳር። ሰባት ዓመት ያንን እጅ ሳጥብ አላየሁትም።

ፈረንጅ ነው፤ አማርኛው ሴቱን ከወንዱ ይቀላቅላል። «በሽታ አይደለም። ሲፈጠር ጀምሮ ነው። አንድ የዘር ቅንጣት ትርፍ አለው» አለኝ። ትርፍ! ሰው ሁሉ ጎደሎ ሲላት ኖሮ። መድኃኒት የለውም። ስለ ሆዴም ጠየቅሁት፤ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። «ብዙ ጊዜ አይደገምም። ግን ቃል መግባት አልችልም።»

እንዲህ ያሉ ልጆች በጆሯቸው የሰሙት ቶሎ ይጠፋቸዋል፣ በዓይናቸው ያዩት ይቀራል አለ። ከሚናገሩት ይልቅ የሚገባቸው ይበዛል። እስከ ቤት እያለቀስኩ መጣሁ። እሷ ላገኘችው ሁሉ ሰላምታ ትሰጣለች።

ማክሰኞ፣ 9

ዳይሬክተሩ ጠራኝ። ዶርቃን እኔ በማስተምርበት አንደኛ ክፍል አስቀምጫት ነበር። «እኅቴ፣ ሁለት ሳምንት ታገስን። ልጆቹ እሷን እያዩ ይስቃሉ እንጂ አይማሩም። ከነገ ጀምሮ ቤት ትዋል።» «እሺ» ብዬ ወጣሁ። በዚህ አፍራለሁ።

ሐኪሙ ጻፊ ባለኝ መሠረት፣ የምትችለው፦ የታጠበ ልብስ የማን እንደሆነ ትለያለች። የገበያውንም የቤተ ክርስቲያኑንም መንገድ ታውቃለች። ሰው ሲከፋው ከሁሉ ቀድማ ይገባታል።

የማትችለው፦ ከሁለት በላይ መቁጠር። ሁለት ነገር አንድ ላይ ስትታዘዝ አንዱን ትረሳለች። የልብስ ቁልፍ መቆለፍ። ንግግሯ ከእኔ በቀር ለሰው አይገባም።

ሁለተኛው ዝርዝር እየረዘመ ሄደ። ተውኩት።

ረቡዕ፣ 10

ሀ ሁ በቃል ሳስጠናት ሦስት ወር ደክሜ አንድ ፊደል አልያዘችም። ዛሬ ካርቶን ቆርጬ ሦስት ቃል ከነሥዕሉ አሳየኋትና ሥዕሉን ደበቅሁ። «ላም» የሚለውን አነሣች። ቀላቀልኩት። ደግማ አነሣች። አምስት ጊዜ! ከደስታ ጮኽኩ።

ባሌ ጴጥሮስ ከጽሕፈት ቤት ሲመጣ አሳየሁት። ክፉ ሰው አይደለም። ቆሞ አየና «ላም የሚለውን ብትለይ ማን ይቀጥራታል? ማን ያገባታል?» አለኝ። ቀጠለ፦ እናቱ ነገ ከሚኖሩበት ከገሱባ መጥተው ይወስዷታል። «ሕፃኑ ሲወለድ ሁለቱን አትችይም። ደግሞ እንደሷ ከሆነስ?»

እኔም የማስበው እሱኑ ነው፤ ካርቶኖቹን ሰበሰብኩ።

ሐሙስ፣ 11

ሄደች። ልብሷን የጠቀለልኩት እኔው ነኝ።

አማቴ «አይዞሽ ልጄ፣ ዘመድ መሐል ናት፤ ጎደሬም ወተትም አለ» አሉኝ። በቅሎ ላይ ስትወጣ ሽርሽር መስሏት ትስቅ ነበር። ዞር ብላ እኔ እንዳልተከተልኩ ስታይ ሳቋ ተቋረጠ። «አዮ!» አለች፣ በወላይትኛ «እናቴ» ማለቷ ነው። ይህችን ቃል ጥርት አድርጋ ትላለች። እኔ ግን ወደ ቤት ገባሁ።

አምላኬ፣ ቤቱ ቀለለኝ። ይህን ለማንም አልናገርም።

ዓርብ፣ 12

አስተማርኩ። ምን እንዳስተማርኩ አላውቅም። የሆዴ ሕፃን ተንቀሳቀሰ፤ ደስ አላለኝም። ለጸሎት ተንበረከክኩ። «አንተ ታውቃለህ» ብዬ ተነሣሁ።

ቅዳሜ፣ 13

ጎረቤታችን ጉራጌው ነጋዴ አቶ ወልዴ ከገሱባ ሲመለሱ ብቅ አሉ። «እኅቴ፣ ልደብቅሽ አልችልም። ልጅሽ እህል አልቀምስም ብላለች።» ነገ እሄዳለሁ።

እሑድ፣ 14፣ ገሱባ

በቅሎ ተውሼ በጠዋት ወጣሁ። ጴጥሮስ «በዚህ ሆድሽ!» አለኝ። አልከለከለኝም፣ አብሮኝም አልመጣም። መንገዱ ጭቃ ስለሆነ ሁለት ጊዜ ወርጄ በእግሬ ሄድኩ።

ዶርቃን ከጓዳ አገኘኋት። አንድ እግሯ በገመድ ከምሰሶው ታስሯል። አማቴ አለቀሱ። «ወደ አንቺ ልትሄድ መንገድ ትወጣለች። ሁለት ጊዜ ከወንዝ አፋፍ መለስናት። ምን ላድርግ ልጄ?» ክፋት ቢሆን እቆጣ ነበር። ክፋት አልነበረም።

ስታየኝ አልሮጠችም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ተቀይማኛለች። አይገባትም የሚሉ ሁሉ መጥተው ባዩ! ገመዱን ፈታሁላት። የተቀቀለ ጎደሬ ልጬ አጎረስኳት። ሁለቱን ጉርሻ ተፋች፤ ሦስተኛውን ዋጠች፣ እኔን ሳታይ።

ሰኞ፣ 15

ቤት ገባን። ጴጥሮስ ቁርጭምጭሚቷ ላይ የገመዱን ሰንበር አየ። ከዚያ ውኃ አሙቆ እግሯን አጠበላት። ትቆያለች አላለም። ትመለሳለችም አላለም።

ዶርቃ እስካሁን አንድ ቃል አልወጣትም። ስነሣ ትነሣለች፣ ስቀመጥ ትቀመጣለች፣ ቀሚሴን አለቀቀችም። ነገ ጠዋት ሥራ መግባት አለብኝ። ማን ዘንድ እንደምተዋት አላውቅም።