ሰደፉ መሬት አይንካ

ውድ ወንድሜ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ የአባታችን ጠመንጃ የምላጭ ጥርስ በሞረድ መነካቱን ስለደረስሁበት፣ የነካው ሰው አንተ መሆን አለመሆንህንም ከራስህ ቃል ማወቅ ስለምፈልግ ነው። ስልክ ያልደወልሁት ሆን ብዬ ነው። አንተ በስልክ ከባድ ነገር ስትጠየቅ ስለ ዝናቡ ማውራት ትጀምራለህ።

ነገሩ የጀመረው በሌላ ብልሽት ነው። ልጅህ ባለፈው ሳምንት ከተኩስ ልምምድ ወደ እኔ ቤት ስትመለስ፣ የተተኮሰውን ቀለህ ጎትቶ የሚያወጣው ጥፍር ተሰብሮ ነበር። "ጋሼ፣ እሑድ ውድድር አለኝ። አባዬ ከሰማ አንቺ ነሽ የሰበርሽው ይለኛል" አለችኝ። ስለዚህ ይዘነው ወደ ጠመንጃ ጠጋኙ ሄድን። ሱቁ ከብስክሌት መሸጫው ጀርባ ያለች፣ ዘይትና የብረት ብናኝ የምትሸት ጠባብ ክፍል ናት። ሰውየው አገላብጦ አየና፣ "ይቺ ጥይቷ ጠርዙ ሲመታ የሚፈነዳው ዓይነት ናት፤ በዕድሜም ትበልጠኛለች" አለ።

"እንግዲያው በአክብሮት ይያዟት" አልሁት። ሳቀ።

አዲስ ጥፍር ከብረት ቆርጦ፣ በእሳት አጠንክሮ ገጠመ። ለሙከራ ባዶ ቀለህ አጎረሰው፤ ዘጋው፤ ሰደፉንም ወለሉ ላይ አሳረፈ። ጠመንጃው ቀጭ አለ።

ጣቱ ምላጩ አጠገብ አልነበረም።

ቀለሁን አውጥቶ አሳየን፤ ጠርዙ ላይ ከአሮጌው ምት ሌላ አዲስ ምት ነበረበት። ደገመው፤ አሁንም ቀጭ። "ጥይት ቢሆን ኖሮ ጣሪያዬን በስተን ነበር" አለ፤ በዚህ ጊዜ ግን አልሳቀም። ፈታትቶም መምቻውን ይዞ የሚያቆየውን ትንሽ ጥርስ በማጉያ መነጽር አሳየኝ።

"ይሄ በሥራ ብዛት ያለቀ አይደለም፣ አባቴ። በሥራ ያለቀ ብረት ይለሰልሳል፤ ይሄ የሞረድ ጭረት አለበት። ምላጩ እንዲቀልለት የፈለገ ሰው ነው። ሞላውንም ቆርጦት እንደሆነ ይንገረኝ፤ እኔ በግምት አልጠግንም።"

ልጅህን ዞር ብዬ አየኋት። ፊቷ አመድ መስሏል። "አባዬ ሰደፉ ምንም ነገር አይንካ፣ መሬት አይንካ ይለኛል" አለች። "የአያትሽ ክብር ነው ይላል።"

አባታችን ያንን ሰደፍ መሬት አስደግፎ ከጎረቤት ጋር ሲያወጋ እያየን ነው ያደግነው። በዚያ የጎደለ ክብር አላስታውስም።

ነገሩ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ በቁጣ እጽፍልህ ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ የነገረችኝ ግን ከቁጣ በላይ ነው። ዓምና በልምምድ ሜዳ፣ ሰደፉ ጠረጴዛውን ሲነካ ጠመንጃው ባርቆ፣ ጥይቱ ጫማዋን ለማሰር ባጎነበሰች ጓደኛዋ ራስ በላይ አልፏል።

"ለአባዬ ስነግረው 'ጣትሽ ነው' አለኝ። ጋሼ፣ እኔ እኮ ምላጩን መንካቴን አላስታውስም። ግን እሱ ካለ ብዬ አመንኩ።"

"የሰደፉን ነገርስ መቼ ነገረሽ?"

"በማግስቱ።"

ያቺ ጓደኛዋ ዛሬም አጠገቧ አትቆምም። ልጅህ ከመተኮሷ በፊት ጣቷን ደጋግማ ታያለች፤ እኔ ጥንቃቄ መስሎኝ አመሰግናት ነበር።

የጠመንጃው መዝጊያ ጠጋኙ ዘንድ ነው፤ ቀሪው በእኔ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። እሑድ በእሱ አትተኩስም፤ በዚህም አኩርፋኛለች። እንዲያም ሆኖ "ሌላ ሰው ሞርዶት ቢሆንስ? አባዬ ባያውቅስ?" እያለች ትሟገትልሃለች። ማታ ማታ እራት ላይ የምንነጋገረው ይህንኑ ብቻ ነው።

ስለዚህ ለጠጋኙ ከጥርሱ ሌላ ምን እንደነካህ ጻፍ። ለልጅህ ደግሞ፣ ያን ቀን የባረቀው በእሷ ጣት እንዳልሆነ ጻፍላት። "ተሞርዶ ነበር" የሚል፣ አድራጊው የማይታወቅ ዓረፍተ ነገር እንዳትልክ፤ የሞረድኸው አንተ ከሆንህ "ሞረድሁት" በል። የእሷን ለብቻው አሽገው፤ እኔ አልከፍተውም።

መልስህ በእጅህ ጽሑፍ እስከ ዓርብ ይድረሰኝ። ካልደረሰኝ ቅዳሜ ጠዋት እኔው እነግራታለሁ፤ ያን ጊዜ ስለ አንተ የሚሟገት ሰው በዚህ ቤት አይኖርም።

ታላቅ ወንድምህ