ቅርንጫፍ ያልያዛቸው አቶ ኮርኔሊየስ ዴማሬስት

አቶ ኮርኔሊየስ ዴማሬስት ከአባታቸው ከድንጋይ ፈላጩ ከአቶ ጋሬትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሊያ፣ በኒው ጀርሲ በኮይትስቪል መንደር እ.ኤ.አ. መጋቢት 3 ቀን 1886 ተወለዱ። እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረው በአባታቸው ሙያ ተሰማሩ፤ ኋላም ጋሪ ነጂ ሆኑ። በ1911 ወይዘሮ ጀርትሩድ ቦገርትን አግብተው ሊያንና ሄስተርን ወለዱ።

በ1916 ፊልም ሠሪዎች ገደላችንን ፈልገው መጡ። ሥራቸው በየቅዳሜው የሚታይ ድምፅ አልባ ተከታታይ ፊልም ነበር፤ ሀብት የወረሰች ወላጅ አልባ ልጃገረድና ሊገድላት የሚፈልግ አሳዳጊዋ። አሳዳጊው በመጋዝ፣ በባቡር፣ በውኃ ሙላት አሥራ አምስት ሳምንት ሞክሮ አልሆነለትም። በመንደራችን አንዲት ዶሮ ለማረድ እንዲህ የተቸገረ ሰው አናውቅም። የየሳምንቱ ክፍል መጨረሻ ሞት ነው፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ቀድሞ ያልታየ ማምለጫ ይመጣል። ተመልካቹም ሲታለል ያጨበጭባል።

ተዋናይቷ አደጋውን ሁሉ ራሷ ትሠራዋለች ተብሎ ይለፈፍ ነበር። የሚሠሩት ግን ቀሚስና ዊግ ያጠለቁት አቶ ኮርኔሊየስ ነበሩ፤ ፊልም ሠሪዎቹ ለማንም እንዳይናገሩ ቃል አስገብተዋቸዋል። መስከረም 14 ቀን 1916 ፈረሶቹ ተፈትተው እሳቸው የተቀመጡበት ጋሪ ቁልቁል ተለቀቀ። ከአፋፉ ሳይደርሱ ሊዘሉ ሲሉ ቀሚሱ በመንኮራኩሩ ተጠላልፎ ከነጋሪው ገደል ገቡ፤ ዳሌያቸው ተሰበረ። ካሜራ አንሺው እጀታውን ማዞሩን አላቆመም።

በኅዳር ወር ጋሪው ሲወድቅ በመንደራችን የፊልም አዳራሽ ታየ። በቀጣዩ ቅዳሜ አቶ ኮርኔሊየስ በምርኩዝ ከባለቤታቸው ጋር ገቡ። ልጃገረዲቱ ቀድማ ዘልላ ኖሯል፤ ባርኔጣዋ እንኳ ሳይዛነፍ ከቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥላ ተገኘች። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ወይዘሮ ጀርትሩድ ብድግ አሉ።

«ማንም አልዘለለም። የወደቀው ባሌ ነው፤ ይኸው አጠገቤ ተቀምጧል።»

«እሜቴ፣ ቁጭ ይበሉ እንጂ፤ ጋረዱን» አላቸው ከኋላ አንዱ። ብዙዎች ሳቁ። አቶ ኮርኔሊየስ ቃላቸውን አስበው የሚስታቸውን እጅጌ ሳቡ።

ኩባንያው ወደ ካሊፎርኒያ ሄደ፤ አንድ መስመር እንኳ አልጻፈላቸውም። እሳቸው እያነከሱ በትምህርት ቤት ዘበኝነት ሲያገለግሉ፣ ለእነዚያ ውሸታሞች የገቡትን ቃል አሥራ ሰባት ዓመት ጠበቁ።

ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ጥር 9 ቀን 1934 በ47 ዓመታቸው ዐረፉ። በዋዜማው ባለቤታቸውን ጠርተው፣ «ጀርትሩድ፣ በቀብሬ ወረቀት ላይ እንደወደቅሁ ይጻፍልኝ። ቅርንጫፍ እንዳትጨምሩበት» አሉ።

ስለዚህ ባለቤታቸውና ሁለቱ ሴቶች ልጆቻቸው በፊታችሁ ያስነብባሉ። ዛሬ እዚህ ከቆምነው መካከል ያን ቀን ያጨበጨቡ አሉ፤ ይስሙ። ኮርኔሊየስ ዴማሬስት ወድቀዋል። ቅርንጫፍ አልነበረም።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን መሬት በማይከዳበት ስፍራ ያሳርፍልን።