«የሚተርፍ» ስለተባለው የመጨረሻ ዓምድ

ለደመወዝ ጥናት ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ፤

ክቡርነትዎ በሙሉ ጤንነትና በተደላደለ ወንበር ላይ እንደሚገኙ ተስፋዬ ጽኑ ነው። እኔም ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

«የጀማሪ ባለሙያዎች ደመወዝ በየከተማው፣ ከኑሮ ወጪ በኋላ» የተሰኘውን ጥናትዎን ከሽፋን እስከ ሽፋን አንብቤዋለሁ። ያስተማሩኝ መምህር የግርጌ ማስታወሻ የዘለለን ተማሪ እንዳላነበበ ይቆጥሩት ስለነበር፣ ግርጌውንም በአጉሊ መነጽር አይቼዋለሁ። ለድካምዎ ምስጋናዬ እነሆ።

አንደኛ፤ በሠንጠረዥዎ ትልቁ ከተማ አንደኛ፣ የእኛ ከተማ መጨረሻ ወጥቷል። የመድኃኒት ባለሙያ የሆነችው የልጅ ልጄም ይህንኑ አይታ ሻንጣዋን አንሥታ ወደ ትልቁ ከተማ ሄደች።

ሁለተኛ፤ የቤት ኪራይ ዓምድ ለሁሉም ከተማ ባዶ ነው። ምክንያቱን ገጽ አሥራ አንድ ላይ፣ ጉንዳን በሚያክል ፊደል አገኘሁት፦ «ጀማሪው ባለሙያ ከወላጆቹ ጋር እንደሚኖር ታስቧል።» ስላሰባችሁላት እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወላጆቿ ግን እዚህ ከእኔ ጋር፣ መጨረሻ በወጣው ከተማ ናቸው። እርሷ እዚያ ከአንዲት ነርስ ጋር አንድ ፍራሽ በፈረቃ ትጋራለች፤ አንዷ ስትነሣ ሌላዋ ትተኛለች። ፍራሹ አንድም ቀን በርዶ አያውቅም።

ሦስተኛ፤ የመጨረሻው ዓምድ «የሚተርፍ» ይላል። ማን እንደሚተርፍ አልተጻፈም፤ እኛ ስንማር ባለቤቱ ያልታወቀ ግሥ በቀይ ይሰመርበት ነበር። ገንዘቡ ከሆነ፣ የለም። ልጅቷ ከሆነች፣ ባለፈው ሳምንት መድኃኒት ስታድል ራሷን ስታ ወድቃ ነበር፤ በስልክ «አይዞሽ አያቴ፣ ተርፌያለሁ» ብላኛለች።

የሚያስጨንቀኝ ግን ጥፋቱን የራሷ ማድረጓ ነው። «ሠንጠረዡ ይተርፋል እያለ ለእኔ ያልተረፈኝ አባካኝ ብሆን ነው» ትላለች፤ ምሳዋንም ትታለች። የከተማችን ሆስፒታል ቦታዋን እስከ ሰኞ ጠብቆላታል። እርሷ ግን መጨረሻ ወደ ወጣ ከተማ መመለስ ፈተና እንደ መውደቅ ነው ብላ እምቢ አለች።

ስለዚህ በትሕትና የምለምነው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። «ስሕተቱ የእኛ ነው» ብለው፣ ከሰኞ በፊት፣ ለዓይን በሚታይ ፊደል ያትሙልኝ። እኔ ብነግራት አላመነችኝም፤ የእርስዎን ማኅተም ታምናለች።

ለጥናትዎ የሚገባውን አክብሮት ያህል፣ ከዚያ ቅንጣት ሳልጨምር፣ እጅ እነሣለሁ።

የመድኃኒት ባለሙያዋ አያት

ማስታወሻ፦ አጥኚዎችዎ ጉዳዩን በዓይናቸው ማየት ቢሹ፣ ከፍራሹ ጎን፣ በሩ እስካልተከፈተ ድረስ፣ ለአንድ ሰው የሚሆን ወለል አለ። ከወላጆቻቸው ጋር እንደሚኖሩ ታስቦ ኪራይ አይጠየቁም።