ስልክ የለመደ አንገት

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15 ቀን 2018፣ ማኪንድዬ

ዛሬ በመጨረሻ ኮሎሎ ሰፈር ወዳለው የዮጋ ቤት ሄድኩ። ስምንት ወር ሙሉ ዮጋ የተማርኩት ከስልኬ ነው፤ በአካል የሚያስተምር ሰው ፊት ስቆም የመጀመሪያዬ ነበር። የሄድኩት ግን ለመማር ብቻ አይደለም። አስተማሪዋ ናካቶ ረዳት ትፈልጋለች፤ እኔ ደግሞ ከተመረቅኩ ጀምሮ እንዲህ የተመኘሁት ሥራ የለም።

እጅና እግሬን መሬት ተክዬ ወገቤን ወደ ላይ ሳነሳ ኩራቴ ለብቻው ነበር። ናካቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለችና፣ "ኛቦ፣ እመቤቴ፣ ማንን ነው የምታዪው?" አለችኝ።

"ማንንም።"

"አንገትሽ ግን ሰው ይፈልጋል።"

ለካ ቤት ግድግዳው ሥር የማቆመውን ስልክ ለማየት ቀና እንዳልኩ ነው የተማርኩት! በየጠዋቱ አንገቴን ሲይዘኝ ትራሱ መስሎኝ አክስቴን ትራስ አስቀይሬያታለሁ። ናካቶ መዳፏን ማጅራቴ ላይ አሳርፋ፣ "ልቀቂው" አለች። ለቀቅኩት። ጭንቅላቴ ይህን ያህል ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ሥራው ቀረ ብዬ ጫማዬን ሳስር መጣች። "ከጀማሪዎቹ ግማሾቹ ከስልክ ተምረው ነው የሚመጡት። ይህን ስህተት አንቺ ከእኔ ቀድመሽ ታዪዋለሽ። ማክሰኞ ነይና እንሞክርሽ።"

ቤት ገብቼ ስነግራት አክስቴ ሳቀች። "አንገት ለመድፋት ነው እንዴ ዲግሪ የያዝሽው?"

ትሳቅ። እኔን አሁን የሚያስጨንቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው ሳላስደነግጥ እጄን ማጅራቱ ላይ እንዴት ነው የማሳርፈው? ነገ ከቤተክርስቲያን ስንመለስ አክስቴን ምንጣፉ ላይ አውጥቼ እለማመድባታለሁ፤ እሺ ካለች።