የካሳ ምስር

ሐምሌ 6፣ ከሥራ መልስ
ዛሬም ምስር ጥጃለሁ። ድስቱ የኔ ነው፤ በዚህች መዋጮ ሦስት ሰው ከኔ በላይ የሚያጠግብ እዚህ ሪያድ፣ ፉጣ ሰፈር ውስጥ የለም። ምስር፣ ጎመን፣ የዶሮ ጉበት። ጉበት ርካሽ ነው፣ ደም ይሆናል። የክፍል ጓደኛዬ ጀማልና እኔ እንበላለን። ሦስተኛችን ካሳ አይነካም። ሙስሊም ያረደውን አልበላም ይላል፣ ጀማል ሳይሰማ። ሪያድ መጥቶ ክርስቲያን ያረደው ዶሮ ይጠብቃል! ይጠብቅ። ሲደርቅ አያለሁ።

ሐምሌ 8
ካሳ ብሎኬት እንደተሸከመ ወደቀ። የሥራው አለቃ፣ ሙዲሩ፣ ውሃ ደፋበት። ሁለተኛ ብትወድቅ ኸላስ፣ እንዳትመጣ አለው። ኢቃማ የለው፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ማን ይሟገትለታል? አንዲት ሐበሻ ነርስ የዓይኑን ቆብ ገልጣ አየች፤ ደም የለህም፣ ጉበት ብላ አለችው። ብሞት ይሻለኛል አለ። ሙታ! ግን የክፍሉን ኪራይ ለሁለት ልንከፍል ነው?

ሐምሌ 10
አደረግኩት። ጉበቱን ቀቅዬ፣ አድቅቄ፣ ምስሩ ውስጥ። በርበሬ አበዛሁ። ካሳ ሁለቴ አስጨመረ፣ እጅህ ይባረክ አለኝ። ሳቄን ዋጥኩ። ደስ አለኝ፣ ክፉ ደስታ። ረቡዕና ዓርብ ግን አልጨምርም። ጾም እስከማስገደፍ ያን ያህል አልከፋሁም፣ ማስታወሻዬ።

ሐምሌ 24
ፊቱ ወዛ። ብሎኬት ሁለት ሁለት ያነሳል። አፍም አወጣ! ሃይማኖቱን የጠበቀ እንዲህ ነው፣ አንተ ለሆድህ አደርክ አለኝ። እኔን! ልነግረው ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። ጠላሁት።

ጀማል ጉበቱን ሳደቅ ደረሰብኝ። አልሳቀም። "ወላሂ ወንድሜ፣ ነገ እኔን አሳማ ብታበላኝስ?" ሪያድ ውስጥ አሳማ ከየት አመጣለሁ አልኩት። ከዚያ ወዲህ ሳያሸት አይጎርስም።

ነሐሴ 1፣ ረፋድ
ዛሬ ሥራ የለኝም። ፍልሰታ ገባ። ካሳ ለካ ተስሎ ኖሯል፦ ከዳንኩ ፍልሰታን እስከ ማታ ሳልቀምስ እጾማለሁ ብሎ። በኔ ጉበት ድኖ ማርያምን ያመሰግናል! ባዶ ሆድ፣ ብሎኬት፣ ይህ ፀሐይ። ሳምንት አይቆይም። ብነግረው ደግሞ ከድስቴ ጨርሶ አይቀምስም። ጉበቱን ጨመርኩ። በጾም።

ማታ
ግድግዳ ይዞ ደረጃውን ወጣ። ከንፈሩ ነጭ። ድስቱን አየ፣ ከዚያ እኔን። ሥጋ የነካው ነገር የለም አይደል፣ ማልልኝ፣ የማምነው አንተን ነው አለ። ጀማል በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል።

"ማርያምን፣ የለም" አልኩ።

ካሳ አማተበ። የመጀመሪያውን ጉርሻ አፌ ውስጥ ከተተልኝ፣ በገዛ እጁ፤ ከዚያ እሱ ጎረሰ። ጀማል ዳቦውን ብቻ ይዞ ወጣ።

ነገ ዓርብ ነው። ጉበት እገዛለሁ።