ፎቶው ላይ ያለችው ሴት

ልጄ፣ የቆምሽበት ምድር ይመችሽ፣ ያየሽ ሁሉ ይውደድሽ። እኛ ደኅና ነን፤ ጉልበቴም ተሽሎኛል።

ሰሞኑን ከተማችን የተቆረቆረችበትን ስልሳኛ ዓመት በሩጫና በሙዚቃ አከበርን። በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ውስጥ የከተማችን ድልድይ ሲመረቅ የተነሣ የድሮ ፎቶ ተሰቅሏል፤ አንዲት ወጣት ሕፃን ታቅፋ ቆማለች። ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን፣ "አንቺ እኮ ነሽ፤ የሰፋሁትን ቀሚስ አልስትም" አለኝ። ቀሚሱስ የእኔ ነው፤ እዚያ መቆሜ ግን ጨርሶ አይታወሰኝም። ሕፃኑም አንቺ ትሁኚ ወንድምሽ ይሁን ግራ ገባኝ። የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ከሥሩ ስም ሊጽፍ ሲጠብቀኝ አፈርኩ። "ለጊዜው እናትና ልጅ በል" አልኩት፤ ይሄስ አይጠፋኝም።

ፎቶውን እህትሽ በስልክ ትልክልሻለች፤ የሕፃኑን ጆሮ አይተሽ የማናችሁ እንደሆነ ንገሪኝ። ቁርስ ሳትበይ ከቤት አትውጪ። ደጃፍሽን ክፉ አይርገጠው።

እናትሽ